ጥቆማ፦ ለቅልጥም ስብራት የቱ ብረት? ፕሌት ወይስ ናይል፣ ስቲል ወይስ ቲታኒየም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ቅልጥሙ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ይደረጋል ተብሏል። ብረቱን ከውጭ ገዝታችሁ አምጡ አሉን። አንዱ ሻጭ ቲታኒየም ካልሆነ አይሆንም ይላል፣ ሌላው ስቲል ይበቃል ይላል። የት ሆስፒታልስ ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔ እንጨት ሠራተኛ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ወንድሜ በሞተር አደጋ ቅልጥሙ ተሰብሮ ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆኗል፣ ሁለቱንም ጊዜ አብሬው ነበርኩ።

ከቲታኒየሙ በፊት የብረቱን ቅርጽ ጠይቂ። ስብራቱ ቅልጥሙ መሃል ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ናይል ነው፤ አጥንቱ ውስጥ ለውስጥ የሚገባ ረጅም ዘንግ ማለት ነው። መሃል ለመሃል ስለሚቆም ሸክሙን ከአጥንቱ ጋር ይካፈላል፣ ከላይና ከታች በብሎን ስለሚቆለፍ ደግሞ እግሩ አይዞርም፣ አያጥርም። ፕሌት ደግሞ አጥንቱ ጎን ላይ በብሎን የሚለጠፍ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ስብራቱ ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ገብቶ መገጣጠሚያውን ከሰነጠቀ ፕሌት ይሻላል፣ ስብርባሪውን ቦታ ቦታው መልሶ ለመያዝ ይመቻል።

ብሎኑን ቀላል ነገር አታድርጊው። እኛ ጋ ለስላሳ እንጨት ላይ ጥርሱ ሰፋና ጠለቅ ያለ ቪቴ ነው የምናስገባው፣ ያለዚያ አይነክስም። አጥንትም እንደዚያው ነው። ጫፍ ጫፉ ላይ ያለው ስፖንጅ መሳይ አጥንት ሰፊ ጥርስ ይፈልጋል፣ መሃል ያለው ደረቁ አጥንት ደቀቅ ያለ ጥርስ። አባትሽ በዕድሜ ገፋ ካሉና አጥንታቸው ከሳሳ፣ የብሎኑ ራስ ራሱ ፕሌቱ ላይ የሚጠመድበት ሎኪንግ የሚባል ዓይነት አለ። ተራው ብሎን የሚተማመነው አጥንቱን በመንከስ ብቻ ነው፣ አጥንቱ ከሳሳ ይላላል። ሎኪንጉ ግን ከፕሌቱ ጋር አንድ አካል ስለሚሆን እንዲያ በቀላሉ አይነቃነቅም።

ቲታኒየም ወደ አጥንት ጠባይ ቀረብ ይላል፣ ግትርነቱ የስቲል ግማሽ ያህል ነው፤ ስቲል ውስጥ ያለው ኒኬል ለሚያሳክከው ሰውም ይመረጣል። ግን ስቲል ርካሽ ቢሆንም መጥፎ አይደለም፣ በደንብ ከገባ አጥንት ያስገጥማል። ዋናው ቁም ነገር አለመቀላቀል ነው። የስቲል ፕሌት ላይ የቲታኒየም ብሎን አይደረግም፣ ሁለቱ ብረቶች ሲነካኩ ሊበላሉ ይችላሉ። ፕሌቱንና ብሎኑን ከአንድ ሻጭ፣ የአንድ ፋብሪካ ግዙ።

ሆስፒታልን በተመለከተ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ሳይን የሚባለው ናይል አለ። አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚሠራው የስቲል ዘንግ ነው፤ መክፈል ለማይችል ሕመምተኛ በነጻ እንዲሰጥ ነው የሚልከው። የተሠራበት ብልሃት በጣም ያስደስተኛል። የብሎኑ ቀዳዳ አጥንት ውስጥ ተደብቆ ሳለ፣ ከውጭ የሚገጠም መለኪያ ክንድ ቦታውን ያሳያል፣ ስለዚህ ኦፕራሲዮኑ ላይ የራጅ ማሽን ባይኖርም ይሠራል። በኋላ ሕመምተኛው ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ሲል ፎቶ ያነሱታል፤ ቁጢጥ ማለት ከቻለ እግሩ ድኗል። አለ ወይ ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። የአደጋ ሕመምተኛ ለማከም አቤት ሆስፒታልም አለ።

ወጌሻ ጋ ግን አትሂዱ፣ እባክሽ። ወንድሜን መጀመሪያ የወሰድነው እዚያ ነበር። በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረው፣ በማግስቱ ጣቶቹ በርደው ሰማያዊ ሆነው አገኘናቸው። ትንሽ ብንዘገይ እግሩ ይቆረጥ ነበር።

ጥያቄ፦ በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ። ለምን ሁለት ጊዜ ሆነ ግን?

መልስ፦ መጀመሪያ ያደረጉለት ፕሌት ነበር። መቼ እንደሚረግጥ ማንም አልነገረውም። በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ገባ፣ በሁለተኛው ወር ብሎኖቹ ተሰበሩ። ብረት ጠንካራ ነው ብለን ነው የተታለልነው። ሽቦ ወዲህ ወዲያ ስታጥፊው እንደሚበጠሰው፣ አጥንቱ ሳይገጥም በተረገጠ ቁጥር ብረቱ ይደክማል። ከአጥንቱ ጋር ሩጫ ላይ ነው። ሁለተኛው ሐኪም ናይል አገባለት፣ በዚያ ላይ ሲጋራ አስጣለው፣ አጥንት መግጠምን ያዘገያል ብሎ።

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ተቀበሉ፤ መቼ በስንት ኪሎ እንደሚረግጡ፣ እና የገባው ብረት ስምና ቁጥሩ። አንድ ቀን ይውጣ ከተባለ ለብሎኑ ራስ የሚገጥመው ካቻቪቴ ካልተገኘ ማውጣቱ ፈተና ነው። ከወጣ በኋላም ቀዳዳዎቹ እስኪሞሉ አጥንቱ ደካማ ነው፣ ለጥቂት ወራት መሮጥና ከባድ መሸከም የለም። ወንድሜ ያንን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ ከመታወቂያው ጋር ይዞት ነው የሚዞረው። የአባትሽ ራጅ ላይ ስብራቱ የት ጋ እንደሆነ ሐኪሙ ሲነግርሽ ጻፊልኝ።