ካረጥኩ አራት ዓመት አለፈኝ፤ ሙቀቱ ግን ተመልሶ መጣ

ጠያቂ (56 ዓመት)
ሰላም ለሁላችሁ። የወር አበባዬ ከቆመ አራት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ላይ ሙቀቱም፣ ላቡም፣ እንቅልፍ ማጣቱም ነበረብኝ። ሁለት ዓመት ያህል አሰቃይቶኝ ለቀቀኝ። ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ ግን እንደገና ጀመረኝ። ከደረቴ ይነሳና ሽቅብ ወደ ፊቴ ይወጣል። ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፣ ወዲያው ደግሞ ይበርደኛል። ልቤ አንዳንዴ ድው ድው ይላል። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼና ጉልበቴ እስኪፍታቱ ድረስ ጊዜ ይወስድብኛል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ለሰው ለመናገር ያሳፍረኛል፣ እዚህ ግን ልናገረው። ከባለቤቴ ጋር መገናኘት ሕመም ሆኖብኛል። ሽንቴም ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ያቃጥለኛልም።

ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። «የዕድሜ ነገር ነው፣ ይለምዱታል» ተብዬ ተመለስኩ። ሆርሞን ከቆመ በኋላ እንደገና ሊዋዥቅ ይችላል ወይ? የሆርሞን ምርመራ ይታዘዝልኝ ልበል?

የ63 ዓመቷ
እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። እኔ ካረጥኩ 12 ዓመቴ ነው። ሙቀቱ ዛሬም በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ይጎበኘኛል። «በሁለት ዓመት ያልቃል» የሚሉትን ሰምቼ እኔ ላይ ብቻ የቀረ መስሎኝ ስንት ጊዜ ተጨነቅኩ መሰለሽ። ይልቅ ያ «ይለምዱታል» ያለሽ ሰው ምን ምን መረመረሽ? ደም ግፊት እንኳ ለካሽ?

አዋላጅ ነርስ
እናቴ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገር ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ሆርሞን ክፉኛ የሚዋዥቀው ከማረጥ በፊት ባሉት ዓመታት ነው። ያኔ ኤስትሮጅን የሚባለው ዋናው የሴት ሆርሞን አንድ ወር ከልክ በላይ ይወጣል፣ በሌላው ወር ያሽቆለቁላል። የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይታይ ሲቀር አርጣለች እንላለን። ከዚያ በኋላ ኤስትሮጅን አንድ ሁለት ዓመት ያህል መውረዱን ይቀጥልና ዝቅ ብሎ ይረጋል። ኦቫሪ፣ ማለትም እንቁላል የሚያመርተው ክፍል፣ ሥራውን አቁሟል። የሰውነት ስብ ኤስትሮን የሚባል ደካማ ኤስትሮጅን ትንሽ ትንሽ ይሠራል፣ እሱም እንደ ድሮው ከፍ ዝቅ አይልም። ስለዚህ በአራተኛው ዓመት «ሆርሞኔ ተዋዠቀ» ማለት ብዙም አያስኬድም።

ታዲያ ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ከአንጎል ነው። ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል የሰውነትን ሙቀት ይቆጣጠራል። እዚያ ያሉ አንዳንድ የነርቭ ሴሎችን ኤስትሮጅን ያረጋጋቸው ነበር። እሱ ሲጠፋ ይቆጣሉ። የሰውነት ሙቀት በጥቂቱ ከፍ ሲል አንጎል እሳት የተነሳ ያህል ይደናገጣል፤ የቆዳ ደም ሥሮችን ይከፍታል፣ ላብ ያወጣል። ቀጥሎ የሚበርድዎትም ላቡ ሰውነትዎን ስላቀዘቀዘው ነው።

ስንት ጊዜ ይቆያል ለሚለው፣ በአሜሪካ ሴቶችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ስዋን የሚባል ትልቅ ጥናት አለ። ሙቀቱ ደጋግሞ ከሚመጣባቸው ሴቶች ግማሾቹ ላይ ከ7 ዓመት በላይ ቆይቷል። ስለዚህ የእርስዎ አራት ዓመት ብዙ አይደለም።

ነገር ግን ጠፍቶ ቆይቶ መመለሱ፣ ከልብ ምት ጋር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ፣ ሌላ ምክንያት እንድንፈልግ ያስገድደናል። የሆርሞን ምርመራው ይቅርብዎ። ኤስትሮጅን ዝቅ፣ ኤፍ ኤስ ኤች (ኦቫሪን የሚያነቃቃው ሆርሞን) ከፍ ማለቱን ነው የሚነግርዎት፤ እሱን ሳንመረምርም እናውቀዋለን። በምትኩ የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቁ። ታይሮይድ፣ አንገት ላይ ያለው እጢ፣ ከልክ በላይ ሲሠራ ሙቀት፣ ላብና የልብ ምት ያመጣል፣ ከማረጥ ጋር አንድ ዓይነት ይመስላል። የደም ማነስ፣ ስኳርና የልብ ኢሲጂም (የልብ ምት ምርመራ) ቢታዩ ጥሩ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ። በቅርቡ የጀመሩት መድኃኒት አለ? ክብደት ቀንሰዋል? ትኩሳት ወይም የቆየ ሳል አለ? ደም ታይቶዎት ያውቃል?

ጠያቂ
አመሰግናለሁ ልጄ። አዲስ መድኃኒት የለም። ክብደቴም ያው ነው፣ እንዲያውም ጨምሬያለሁ። ትኩሳትም ሳልም የለብኝም። ደም ስትይ ግን... ከሁለት ወር በፊት የውስጥ ልብሴ ላይ ጠብ ጠብ ያለ ነገር አይቼ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠፋ። «ሆርሞኑ ተመልሶ ይሆናል» ብዬ ዝም አልኩ። ለሐኪሙም አልነገርኩትም። ሆርሞን ይዋዥቃል ወይ ያልኩት ለዚህ ነበር።

አዋላጅ ነርስ
እናቴ፣ ይህን ስለነገሩን ደስ ብሎኛል። በዚህ ሳምንት የማህፀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም የወር አበባ አይደለም፣ አንዲት ጠብታ ብትሆንም፣ ሁለተኛ ባትታይም።

እንዳይደነግጡ ልንገርዎ፤ እንዲህ ከሚደሙ 10 ሴቶች 9ኙ ካንሰር የለባቸውም። አብዛኛውን ጊዜ የሳሳ የማህፀን ወይም የብልት ግድግዳ፣ አለዚያም ፖሊፕ የሚባል ትንሽ የሥጋ ብቅታ ነው። ሌላውን ወገን ደግሞ ይመልከቱት፤ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ከተገኘባቸው 10 ሴቶች በ9ኙ ላይ የመጀመሪያው ምልክት ደም ነበር። ቀድሞ ከተያዘ በደንብ ይታከማል።

ምርመራው ቀላል ነው። በብልት በኩል አልትራሳውንድ ይደረጋል። የግድግዳው ውፍረት 4 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ያረጋጋል። ከዚያ ከበለጠ ናሙና ይወሰዳል። ሳስቶም ደሙ ተመልሶ ከመጣ ናሙና ያስፈልጋል። ይህ ሳይጣራ ማንም የሆርሞን መድኃኒት ቢሰጥዎ እንዳይጀምሩ።

አንድ አባል
እናቶቻችን ይህንን ሁሉ ያለ መድኃኒት አሳልፈውታል። ተፈጥሮ ነው። ነገር ማክበድ ለምን?

የ63 ዓመቷ
ወንድሜ፣ እናቴ ሌሊት ሌሊት ከአልጋዋ ወርዳ ወለል ላይ ትተኛ ነበር። ምን እንደሆነች ጠይቀናት አናውቅም። አሳልፋዋለች፣ አዎ። ዳሌዋ ተሰብሮ ነው ያለፈችው። ከማረጥ በኋላ አጥንት እንደሚሳሳ የነገራት ሰው አልነበረም።

ፋርማሲስት
ስለ ሕክምናው ልጨምር፤ ምርመራው መቅደሙን ሳትረሱ።

የሆርሞን ሕክምና ለሙቀቱ ከሁሉም የተሻለ ነው። ስሙ የጠፋው በ2002 (እ.ኤ.አ.) በወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ምክንያት ነው። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት) አብረው በወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋትና ስትሮክ ጨምሮ ታየ። ነገር ግን የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ ብዙዎቹ ካረጡ ቆይተዋል። ውጤቱ በዕድሜ ተከፋፍሎ እንደገና ሲታይ፣ ከ60 ዓመት በታች ለሆኑ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ጤነኛ ሴቶች ጥቅሙ ብዙውን ጊዜ እንደሚያመዝን ነው የታየው። እትዬ፣ እርስዎ ሁለቱንም ያሟላሉ። ማህፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅንን ለብቻው አትወስድም፤ ፕሮጄስትሮን አብሮ ካልተሰጠ የማህፀኑ ግድግዳ ይወፍራል። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ደግሞ ከሚዋጠው ይልቅ የደም መርጋት ስጋቱ ያነሰ ነው።

የጡት ካንሰር፣ ስትሮክ፣ የልብ ደም ሥር ሕመም፣ የደም መርጋት ወይም ከባድ የጉበት ሕመም ያለባት ሴት ሌላ መንገድ መፈለግ አለባት። ሆርሞን ካልሆኑት መድኃኒቶች ቬንላፋክሲን፣ በትንሽ መጠን ፓሮክሲቲን፣ ጋባፔንቲን አሉ። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፌን የምትወስድ ፓሮክሲቲንን ትራቅ፣ የካንሰሩን መድኃኒት ያዳክምባታል። ፌዞሊኔታንት የሚባለው ደግሞ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ተፈቅዷል። ነርሷ ያለቻቸውን የአንጎል ሴሎች ነው የሚያረጋጋው። የጉበት ክትትል ይፈልጋል። «ተፈጥሯዊ ነው» እየተባለ በካፕሱል የሚሸጠውን ዕፅ ግን እኔ አልመክርም። አንዳንዱ ጉበት ይጎዳል፣ ውስጡ ያለውንም ማንም በደንብ አያውቀውም።

ግንኙነቱን ሕመም ስለሚያደርገው የብልት ድርቀት ደግሞ፣ እሱ እንደ ሙቀቱ በራሱ አይለቅም። ካልታከመ እየባሰ ይሄዳል። ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለቱም ከዚሁ ሊሆን ይችላል፣ ግን ኢንፌክሽን እንዳይሆን ሽንትዎ ይመርመር። ለግንኙነት ማለስለሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገኛል። በብልት ውስጥ የሚቀባ ትንሽ መጠን ያለው የኤስትሮጅን ክሬም ደግሞ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው።

ሌላ አባል (59 ዓመት)
ስለ ጣቶችሽ ነው የምጽፈው። እኔም «የማረጥ ነው» እያልኩ አንድ ዓመት ቆየሁ። ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ተሳስረው ይቆዩ ነበር፣ መገጣጠሚያው ያብጥ ነበር። ቆይቶ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ በሽታ ነው ተባልኩ። ያንቺ በጥቂት ደቂቃ የሚፍታታ ከሆነና ካላበጠ ያን ያህል አያሳስብም። ካበጠ ግን እንደኔ አትቆዪ።

ጠያቂ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)
የመጣሁት ለማመስገን ነው። አልትራሳውንዱ 3 ሚሊሜትር አለ። ደሙ ከድርቀቱና ከሳሳው ግድግዳ ነው ተባልኩ። ያን ቀን ከክሊኒኩ ወጥቼ አንድ ጥግ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቀውም። ታይሮይዴ ደህና ነው። ሽንቴም ንጹሕ ነው። ጣቶቼ በአሥር ደቂቃ ይፍታታሉ፣ እብጠትም የለም። ለልቤ 24 ሰዓት የሚመዘግብ ማሽን ታዞልኛል፣ ገና አልተደረገልኝም።

ክሬሙን ጀምሬያለሁ። ማቃጠሉ ቀንሷል። ሙቀቱ ግን ያው ነው። የሚለጠፈውን መድኃኒት ልጀምር ወይስ ልተው ገና አልወሰንኩም። የልቡ ውጤት ከመጣ በኋላ እንነጋገራለን ብላኛለች አዲሷ ሐኪም። እሷ አንድ ሰዓት ያህል ሰማችኝ።

አዋላጅ ነርስ
እልል! ግን ደሙ ሁለተኛ ከታየ «ባለፈው 3 ሚሊሜትር ተብያለሁ» ብለው እንዳይቀመጡ። በዚያው ቀን ይደውሉ።

የ63 ዓመቷ
ተሻለኝ ብለሽም ክሬሙን እንዳታቆሚ። እኔ ሦስት ወር ቀብቼ ተውኩት፣ በሁለት ወር ውስጥ ሁሉም ተመልሶ መጣ።