የመኪና ፊት ግራና ቀኙ ባይመሳሰል ምን ትላላችሁ?

ላሜራ ሠሪው (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ውስጥ አጂፕ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ የላሜራና የቀለም ሥራ እሠራለሁ። ሥራዬ በአመዛኙ የተጋጨ መኪናን ፊት ቀድሞ ወደነበረበት መልክ መመለስ ስለሆነ ዓይኔ የሠለጠነው ግራን ከቀኝ በማነጻጸር ነው፤ በኮፈኑና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት በአንዱ በኩል 4፣ በሌላው በኩል 6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ካገኘሁት፣ ባለቤቱ ባያስተውለው እንኳ መኪናውን ለማስረከብ እጄ አይፈታም።

ሰሞኑን አንድ ደንበኛ ያረጀ ፒክአፕ ይዞ መጣ። ሞተሩ ተቀይሮ ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር ገብቶለታል፤ ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ደግሞ ከሞተሩ አናት ላይ ወደ ሹፌሩ ወገን ተጠግቶ ታስሯል። መሐል ላይ እንዳይታሰር የቱቦዎቹ አቀማመጥ አይፈቅድም። ስለዚህ ደንበኛው ኮፈኑን በዚያው በኩል ብቻ ቀድጄ የአየር ማስገቢያ አፍ እንዳበጅለት ይፈልጋል። እኔ ለዓይን እንዲመጣጠን በሌላው በኩል የማይሠራ መንትያ ልጨምርበት አስቤ ነበር፤ ሙያውን ያስተማሩኝ አንጋፋ ባለሙያ ግን ሁለቱንም ሐሳብ አልወደዱትም። «አንድ ብቻ ከሆነ የተመታ ይመስላል፤ ሁለት ከሆነ ደግሞ አንዱ ውሸት ነው» አሉኝ።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው ይህን ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ፣ ሆን ተብሎ የፊታቸው ግራና ቀኝ እንዲለያይ የተደረጉ መኪኖች አሉን? ካሉስ የተጋጩ ሳይመስሉ የቀሩት በምን ዘዴ ነው?

የኪቶው መካኒካል

ወንድሜ፣ አሉ፤ ለጥያቄህ እጅግ የሚቀርበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ የቀረበው ፎርድ ሙስታንግ ኤስቪኦ ነው። ይህ መኪና 2.3 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር ባለ ቱርቦ ሞተር ነበረው፤ ኢንተርኩለሩ ከሞተሩ በላይ ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ በመቀመጡ፣ በኮፈኑ ላይ ያለው የአየር አፍም እንደዚያው ከመሐል ወጥቶ ተሠራ። ፎርድ በሌላው በኩል መንትያ አልጨመረበትም። የአንተ ደንበኛ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን 6 ነው። የራሊ ውድድር ሰዎች እንደሚያውቁት፣ በፓራውልቱ መሐል የሚሰቀለው ታርጋ ወደ ማቀዝቀዣዎቹ የሚገባውን አየር ይጋርዳል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዚህ ሞዴል ላይ የታርጋው ቦታ ወደ ጎን ተገፋ። ታርጋ ቀላል ነገር ቢመስልም፣ ከፊት ለፊት ሲታይ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ በመሆኑ ቦታው ሲለወጥ የመኪናው መልክ ሁሉ ይለወጣል።

ሦስተኛው ጣሊያናዊው ንድፍ አውጪ ጁጃሮ የነደፈው እ.ኤ.አ. የ1980ው ፊያት ፓንዳ ነው። የመጀመሪያው ፓንዳ ፊት ከጠፍጣፋ ላሜራ የተሠራ ሲሆን፣ የአየር መግቢያ ቀዳዳዎቹ በአንድ ወገን ብቻ ተደርድረው ሌላው ወገን ድፍን ሆኖ ቀርቷል። መኪናው በርካሽ እንዲሠራ የታሰበ ስለነበር፣ ለመልክ ተብሎ ብቻ የሚቀደድ ቀዳዳ አላስፈለገም። እኔ በበኩሌ ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት ትናንሽ መኪኖች ሁሉ ያንን ፊት አስበልጣለሁ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ሚኒ ሞተሩ በአግድም ስለተቀመጠ ራዲያተሩ የተገጠመው ከፊት ሳይሆን ከሞተሩ ጎን፣ በግራው ጎማ በኩል ነበር። የፊቱ ፍርግርግ ግን ራዲያተሩ ከኋላው የቆመ ይመስል መሐል ላይ በእኩልነት ተሠራ። ማለትም አብዛኛው የመኪና ፊት የሚመሳሰለው በስተጀርባው ያለው ነገር ስለሚመሳሰል አይደለም፤ የየትኛውንም መኪና ኮፈን ከፍተህ ብታይ ባትሪው በአንድ ጎን፣ የአየር ማጣሪያው በሌላ ጎን ነው።

ስለ ዝናቡም ሳታስብ አትቀርም፤ በጅማ የማይዘንብበት ወር ማግኘት ይከብዳልና። ኢንተርኩለር ከላዩ ውኃ ቢፈስበት ምንም አይሆንም፤ አየሩ የሚያልፈው በውስጡ ነው። ነገር ግን ውኃው በኤሌክትሪክ ሽቦዎችና በአየር ማጣሪያው ላይ እንዳይወርድ ከአፉ ሥር መውረጃ አብጅለት።

አዌቱ ማዶ

የቀደመው ጸሐፊ የዘረዘራቸው ምሳሌዎች ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ጠያቂው «ሆን ተብሎ» ያለውን ቃል የሚመልሱት በከፊል ብቻ ይመስለኛል። ኤስቪኦም ኢቮሉሽንም ሥራ ያስገደዳቸው ናቸው። ለመልኩ ብቻ ተብሎ፣ ንድፍ አውጪው «ይህ ፊት እንዳይመሳሰል እፈልጋለሁ» ብሎ የተነሣበትን መኪና ከፈለግን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ለእይታ የቀረበውን ፕሊማውዝ ኤክስኤንአርን መጥቀስ ግድ ይላል። ቨርጂል ኤክስነር ነደፈው፤ ስሙም የተወሰደው ከራሱ ከኤክስነር ስም ፊደሎች ነው፤ አካሉን የሠራው ጊያ የተባለው የጣሊያን ድርጅት ነው። በኮፈኑ ላይ በሹፌሩ በኩል ብቻ ከፍ ያለ ጉብታ ተነሥቶ፣ ከሹፌሩ ራስ ጀርባ ክንፍ ሆኖ እስከ ኋላ ይዘልቃል። ተሳፋሪው የተቀመጠበት ወገን ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ኤክስነር መኪናውን የሚነዳው ሰው በአንድ ጎን ስለሚቀመጥ መኪናውም ይህን መናገር አለበት የሚል አቋም ነበረው። የተሠራው አንድ ብቻ ነው፤ በኢራን ሻህ እጅ ካለፈ በኋላ የሊባኖስን የእርስ በርስ ጦርነት ቤይሩት ውስጥ ተደብቆ አሳለፈና በኋላ ታድሷል።

በሥራና በመልክ መካከል የሚገኘው ደግሞ ቮልቮ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ በሚመጡ ከባድ መኪኖች ፊት ላይ ሁላችንም ያየነው ያ በሰያፍ የተዘረጋ ዘንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 በመጀመሪያው የቮልቮ መኪና ላይ የገባው አርማውን በራዲያተሩ ፊት ለማሰር ብቻ ነበር። ዛሬ ምንም የሚይዘው ነገር የለም። ሆኖም ማንም ሰው ቮልቮን አይቶ «ፊቱ ተጣሟል» አይልም።

አልፋ ሮሜዮ 156ም እንዲሁ ነው። ዋልተር ደ ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውን ይህን መኪና ሲነድፍ፣ የአልፋን ጋሻ መሰል ፍርግርግ ፓራውልቱን ሰንጥቆ ወደ ታች እንዲወርድ ስላደረገው ለታርጋ መሐል ላይ ቦታ አልቀረም፤ ታርጋው ወደ ጎን ሄደ። ልብ በሉ፣ ጥቂት ጣት ያህል አልተገፋም፤ ከጋሻው ሙሉ በሙሉ እስኪለይ ድረስ ሄደ እንጂ። ለጠያቂው ሁለተኛ ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥቂት የሆነ ልዩነት የስሕተት ወይም የግጭት ምልክት ነው፤ አንተ 2 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንቅልፍ የሚነሳህ ለዚህ ነው። ልዩነቱ ሰፊና ከሌላው የፊት መስመር ጋር የተገናኘ ሲሆን ግን ተመልካቹ «ይህን ያሰበበት ሰው አለ» ይላል።

የመኪና ፊትን እንደ ሰው ፊት ማየታችን የፈረንጅ አመል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ለኦስትሪያውያንና ለኢትዮጵያውያን የመኪና ፊቶችን አሳይቶ ዕድሜንና ጾታን የመሳሰሉ የሰው ባሕርያትን እንዲሰጧቸው ቢጠይቅ፣ የሁለቱ አገር ሰዎች ፍርድ በብዙው ተቀራርቦ ተገኝቷል። ሰው በሆነ ፊት ላይ ደግሞ አንድ ዓይን ትንሽ ዝቅ ቢል ሕመም ነው የምንለው።

ባለ መለዋወጫዋ

ልጄ፣ ወንዶቹ የፈረንጁን ታሪክ በሚገባ ነግረውሃል፤ እኔ ደግሞ በመርካቶአችን መለዋወጫ ስሸጥ ያየሁትን ልንገርህ። እዚህ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ከፊት ለፊት ራቅ ብሎ ቆሞ ግራና ቀኙን ማስተያየት ነው። አንድ ጎን ከሌላው ከተለየበት ሞተሩን ሳያስነሳ «ግጭት አለበት» ብሎ ዋጋ ይሰብራል። ደንበኛህ ይህን መኪና ነገ ይሸጠዋል፤ ገዢው ደግሞ ስለ ሙስታንግ አንብቦ አይመጣም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ኮፈን እንዳትቀድደው። ያገለገለ ሌላ ኮፈን ፈልጉና እርሱን ቅደድ፤ ዋናው ተጠቅልሎ በቤቱ ይቀመጥ። ገዢው ከመጣ በሃያ ደቂቃ ይቀየራል። የሞተር ቅየራው በሊብሬው ላይ መመዝገቡንም ደንበኛህን ጠይቀው፤ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ጣጣው ወደ አንተ እንዳይመጣ።

ደግሞ ዓይናችን ሳይለምደው የሚቀር አይመስለኝም። የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተወሰነ ወዲህ ጥያቄው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት የኒሳን ሊፍ ትውልዶች ላይ የቻርጅ መክደኛው አፍንጫው ላይ፣ መሐል ነው። የመጀመሪያው ሃዩንዳይ ኮና ኤሌክትሪክ ግን መክደኛው ከፊት ሆኖ ወደ አንድ ጎን የወጣ ነው። ፎቶውን ሳየው እኔም ፓራውልቱ ተጠግኖ መስሎኝ ነበር።

አጭር መብራት

ከሹፌርነት አንጻር ሁለት ነገር ልጨምር።

የመጀመሪያው፣ አፉ የሚሠራው በሹፌሩ በኩል ስለሆነ ቁመቱን ሹፌሩን ወንበሩ ላይ አስቀምጠህ ለካ። በሌላው ወገን ቢሆን ኖሮ እንደልብህ ከፍ ታደርገው ነበር፤ በዚህ በኩል ግን ጥቂት ከፍ ቢል ከመኪናው ፊት የሚያልፍ ልጅ ይሸፍንብሃል።

ሁለተኛው፣ እናንተ የሚመሳሰል የምትሉት ፊት ራሱ የማይመሳሰል ነገር በውስጡ መያዙን ለማስታወስ ነው። የአጭር መብራት ብርሃን ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። በቀኝ በሚነዳበት አገር የብርሃኑ ጠርዝ ከፊት ለሚመጣው ሹፌር ሲባል በግራ ዝቅ ይላል፤ የመንገዱን ዳርና እግረኛውን ለማሳየት ደግሞ በቀኝ 15 ዲግሪ ያህል ሽቅብ ይወጣል። በአውሮፓ ይህ ዓይነቱ መብራት ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። እኛ አገር በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ስንዞር ይህ ጉዳይ የኛም ሆነ። በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ መብራት እዚህ ቢገጠም ሽቅብ የሚወጣው ብርሃን በቀጥታ ወደ መጪው ሹፌር ዓይን ይገባል።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ ጊዜ የተሰበረ የግራ መብራቴን በሌላ ባስቀይር፣ ከውጭ ሲታይ ከቀኙ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በአጋሮ መንገድ ሌሊት የሚመጣው መኪና ሁሉ ረጅም መብራት እያበራ ይነጅሰኝ ጀመር። ግድግዳ ፊት አቁሜ ባበራው፣ የቀኙ ብርሃን ወደ ቀኝ፣ የግራው ወደ ግራ ሽቅብ ወጥቶ አንዱ ከሌላው ተለያይቷል። ለዓይን ተመሳስሎ በሥራው የተለያየ ፊት ከዚህ የባሰ አላየሁም። ኮፈኑን ስትጨርስ የመኪናውን መብራት ግድግዳ ላይ አብርተህ ብታየው ጥሩ ነው።

በተረፈ፣ መልክን በተመለከተ የሞተር ብስክሌት ሰዎች ከመኪና ሠሪዎች ይልቅ ደፋሮች ነበሩ። ቢኤምደብሊው ኤስ1000አርአር ከወጣበት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለቱ የፊት መብራቶቹ ቅርጻቸው የተለያየ ነበር። በ2019ኙ ሞዴል ላይ ግን እንዲመሳሰሉ ተደረጉ፤ የቀድሞው እንዲመለስ የሚመኙ ዛሬም ብዙ ናቸው።

ላሜራ ሠሪው (ጅማ)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እናቴ ባለ መለዋወጫዋን በተለይ፤ ሌላ ኮፈን አግኝተናል፣ ዋናውም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የሞተሩም ነገር በሊብሬው ላይ ተመዝግቦ አገኘሁት። መንትያውን ትቼዋለሁ።

ላሜራውን ከመቁረጤ በፊት ግን «አዌቱ ማዶ» ያለውን ለመሞከር ፈለግሁ። አፉን ከካርቶን ሠርቼ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቼ በፕላስተር ኮፈኑ ላይ ለጠፍኩትና ደንበኛው መኪናውን እየነዳ በከተማው እንዲዞር አደረግሁ። የመጀመሪያው ካርቶን ኢንተርኩለሩን ብቻ የሚሸፍን ትንሽ ነበር። ከሕርማታ ሲመለስ ሦስት ሰዎች «ምን መታህ?» ብለው እንደጠየቁት ነገረኝ፤ አንዱ እንዲያውም ርካሽ ላሜራ ሠሪ ሊያሳየው ፈልጎ ነበር። በማግስቱ በስፋት እጥፍ የሚሆን ሌላ ሠራሁ፤ ጠርዙ ኮፈኑ ላይ ካለው የፋብሪካ መስመር ተነሥቶ ከመስታወቱ አጠገብ እንዲያልቅ፣ የፊቱ ጠርዝም ከፊት መብራቱ የውስጥ ጠርዝ ጋር በአንድ መስመር እንዲውል አደረግሁት። ቁመቱን ሹፌሩን አስቀምጬ ለካሁ፤ ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ አላስኬደኝም።

በሁለተኛው ቀን ስለ ግጭት የጠየቀው ሰው አልነበረም። የጠየቁት «ሞተሩ ምንድን ነው?» ብለው ነው። አንጋፋው ባለሙያም ካርቶኑን ዞር ዞር ብለው አዩትና ምንም ሳይናገሩ የላሜራ መቀሱን አቀበሉኝ።