ከልጆች ጋር ድንኳን ውስጥ ለማደር የትኛውን ዕቃ እናስቀድም?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር (ታላቁ ስምንት፣ ታናሿ አራት ዓመታቸው ነው) በሚቀጥለው ወር ከፍታ ባለው ስፍራ ድንኳን ተክለን ሁለት ሌሊት ለማደር አስበናል። መኪናችን አነስተኛ ስለሆነች ሁሉንም መጫን አንችልም። እጅግ የሚያሳስበኝ የሌሊቱ ብርድ ነው፤ ባለቤቴ ብርድ ልብስ ብንደራርብ ይበቃል ስትል፣ እኔ ደግሞ ደህና ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ገብተው የሚተኙበት ወፍራም የመኝታ ከረጢት) መግዛት ይሻላል እላለሁ። ብርዱ ከበረታም ከሰል አያይዘን ድንኳኑን ለማሞቅ አስበናል። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን?

መልስ 1፦
ሁለታችሁም ያሰባችሁት ከላይ ስለሚደረበው ነው፤ ድንኳን ውስጥ የተኛን ሰው አጥብቆ የሚያበርደው ግን ከሥሩ ያለው መሬት ነው። ስሊፒንግ ባግም ሆነ ብርድ ልብስ የሚያሞቀው በውስጡ አየር ስለሚይዝ ነውና፣ በሰውነት ክብደት ሲጨፈለቅ ከሥር በኩል እምብዛም አይጠቅምም። ስለዚህ በእኔ እምነት አስቀድሞ መጫን ያለበት ለእያንዳንዱ ሰው ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ነው። የባለቤትዎ ብርድ ልብሶችም ከላይ ከመደረብ ይልቅ ፍራሹ ላይ ቢነጠፉ የበለጠ ይጠቅማሉ።

የምታድሩበትን ከፍታም አስቀድመው ይወቁ፤ በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ስሊፒንግ ባግ ከገዙ፣ በላዩ ከሚጻፉት የሙቀት መጠኖች መካከል ለምቹ እንቅልፍ የተሰጠውን ይመልከቱ እንጂ ዝቅተኛውን ወሰን አይመኑ። መጠኑ የሚወጣው ለአዋቂ ሲሆን፣ ልጆች ደግሞ ሙቀት ቶሎ ያጣሉ። ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ ልብስና ካልሲ በላስቲክ ጠቅልለው ይያዙ፤ ልጆቹ ቀን ላይ ቢለምኑዎትም አያውጡት።

መልስ 2፦
ውድ ጠያቂ፣ ከሰሉን እባክዎ ፈጽሞ ወደ ድንኳኑ አያስገቡ። የተቀጣጠለ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ስለሆነ፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊገድለው ይችላል፤ የድንኳኑን በር ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ነበልባሉ የጠፋ ፍምም ቢሆን ያው ነው፤ የጋዝ ምድጃም እንዲሁ። በምትኩ የፈላ ውሃ በማያፈስ ጠርሙስ ሞልተው፣ ቆዳቸውን እንዳያቃጥል በካልሲ ሸፍነው በልጆቹ እግር በኩል ያኑሩት። ብርድ በመፍራት የድንኳኑን መተንፈሻ መድፈንም አይገባም፤ የአራት ሰው ትንፋሽ ሸራው ላይ ጤዛ ሆኖ ይቋጠርና እየተንጠባጠበ መኝታውን ያረጥበዋል።

መልስ 3፦
ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ስለ ጭነቱ ጥቂት ልጨምር። ድንኳኑን ከጉዞው በፊት ተክላችሁ ሞክሩት፤ የጎደለ ካስማ ወይም የተተረተረ ስፌት ያኔ ቢገኝ ይሻላል። በጉዞው ዕለት ደግሞ ድንኳኑ መጨረሻ ላይ ይጫን፤ ዝናብ እየጣለ ብትደርሱ ሌላውን ዕቃ ሳታወርዱ ታወጡታላችሁ። በስፍራው ንጹሕ ውሃ መኖሩን ካላረጋገጣችሁ፣ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በቀን ለአንድ ሰው አራት ሊትር ያህል ያዙ። ቦታ ከጠበበ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውንና ትርፍ ድስቱን ተዉት። ግንባር ላይ የሚታሰረው ባትሪ ግን ለአራታችሁም ለየራሳችሁ ይሁን፤ ትንሿ ልጅ የራሷ መብራት ካላት ሌሊት ለሽንት ስትወጣ ጨለማውን ብዙም አትፈራም።