የደም ግፊቱ አልነሣ ያለ የአንገት ጉዳተኛ

በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የወደቀ የ28 ዓመት ግንበኛ ሰዎች ተሸክመው አመጡልን፤ በመንገድ ላይ አንገቱን የያዘለት አልነበረም። ራሱን አልሳተም፣ ያወራል። ከደረቱ ጀምሮ ወደ ታች ግን ስሜት የለውም፣ እግሮቹም አይንቀሳቀሱም። ክርኑን ያጥፋል፤ መጨበጥ አይችልም። በራጁ ላይ አምስተኛው የአንገት አከርካሪ በስድስተኛው ላይ ተንሸራቷል።

አንገቱን አስረን ኦክስጅንና የሽንት ቱቦ አድርገንለታል። የደም ግፊቱ 80/45፣ የልብ ምቱ 46 ነበር። ውስጡ ይደማል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ በአልትራሳውንድ ግን ሆዱም ደረቱም ንጹሕ ነው፣ ዳሌው ደህና ነው፣ እግሮቹም ይሞቃሉ፤ ስለዚህ ግፊቱን የጣለው የህብለ ሰረሰሩ ጉዳት ይመስለኛል። ሁለት ሊትር ሪንገር (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ሰጥቼው 84/48 ላይ ቆመ። የልብ ምት የሚያፈጥነው አትሮፒን ምቱን ያነሣው ለሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። የሚተነፍሰው በሆዱ ስለሆነ ተጨማሪ ፈሳሽ ሳንባው ላይ እንዳይቋጥር እሰጋለሁ። ህብለ ሰረሰሩ በቂ ደም እንዲያገኝ አማካይ የደም ግፊቱን ወደ 85 ማድረስ ነበረብኝ፤ አሁን ያለው 60 ነው፣ የሚያልፈው ሰዓት ሁሉ ከህብለ ሰረሰሩ የሚቀነስ ይመስለኛል።

የደም ግፊት የሚያነሣው ኖርአድሬናሊንም ሆነ መድኃኒትን በልክ የሚያንጠባጥብ ፓምፕ የለንም፤ ግፊትንም የልብ ምትንም የሚያነሣው አድሬናሊን ግን አለን። አምቡላንስ የሚደርሰው ሲነጋ ነው። 2 ሚሊግራም በ500 ሚሊ ሊትር ሳላይን በጥብጬ፣ አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚሆንበት መስመር በደቂቃ 20 ጠብታ፣ ማለትም 4 ማይክሮግራም፣ በክንዱ ትልቅ ደም ሥር ልጀምር አስቤያለሁ። ይህን ያለ ፓምፕ የሠራችሁ፣ ጠብታውን በስንት ደቂቃ ልዩነት፣ እስከ ስንት ድረስ ከፍ ታደርጉታላችሁ?