ፓች በኢሜይል መላክ፦ ሥርዓት ነው ወይስ በር መዝጋት?

ጀማሪዋ፦ የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ዛሬም ፓች፣ ማለትም የኮድ ማሻሻያ፣ የሚቀበለው በኢሜይል ነው። ኤችቲኤምኤል (ቅርጽና ቀለም ያለው የኢሜይል ጽሑፍ) ክልክል ነው፣ አታችመንት አይወደድም፣ መልስን ከሚመለስለት ጽሑፍ በላይ መጻፍም እንደ ነውር ይቆጠራል። ኮድ በሚጋሩበት ድረ ገጽ በጊትሀብ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭኖ የሚያልቅ ነገር ለምን ይከብዳል? ለእኔ ይሄ አዲስ ሰውን ማራቅ ነው።

ነባሩ፦ እህቴ፣ እኔ አልስማማም። በአንባቢው ቦታ ሆነሽ እዪው። ሜንቴይነሩ (ፓች ገምግሞ የሚቀበለው ኃላፊ) ኮዱን እዚያው ኢሜይሉ ላይ ያነባል፣ ያልተስማማው መስመር ሥር አስተያየቱን ይጽፋል። አታችመንት ሲሆን ይሄ ይቸግራል። የጂሜይል ድረ ገጽ ደግሞ ታቡን ወደ ስፔስ ይቀይራል፣ ረጅም መስመር ይሰብራል። እንዲህ የተበላሸ ፓች ጊት (የኮድ ለውጥን የሚመዘግበው ፕሮግራም) አይቀበለውም። ፓች የሚልከውን የጊት ትእዛዝ «ጊት ሴንድ-ኢሜይል»ን አንዴ ካስተካከልሽ ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም።

ከፓቹ ጋር የምትጻፈውን «ሳይንድ-ኦፍ-ባይ» የምትለዋንም መስመር አትናቂያት። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤስሲኦ የተባለ ኩባንያ፣ አይቢኤም የእኔን ኮድ ሊኑክስ ውስጥ አስገብቷል ብሎ ከሰሰ። መስመሯ በ2004 የመጣችው ከዚያ ክርክር በኋላ ነው። ኮዱን የመስጠት መብት አለኝ ብለሽ የምትፈርሚባት ናት።

ሌላ አባል፦ ሕጉስ ይሁን፣ አነጋገሩስ? የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 በአነጋገሩ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ዞር ብሎ ነበር። የሥነ ምግባር ደንቡም ያኔ ተቀየረ። ብዙ ሰው የሚሸሸው ስድቡን እንጂ ታብና ስፔሱን አይመስለኝም።

ጀማሪዋ፦ እሱስ እውነት ነው። ግን የግራፊክስ ሶፍትዌር ፕሮጀክቱ ሜሳ ከኢሜይል ወደ ጊትላብ (እንደ ጊትሀብ ያለ መድረክ) ሄዷል፣ ሥራውም አልቆመም። ለጊት ፕሮጀክትም «ጊትጊትጋጀት» አለ፤ ጊትሀብ ላይ የተከፈተን ፑል ሪኩዌስት (ኮዴን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ኢሜይል አድርጎ ይልካል። ከርነሉስ?

ነባሩ፦ «ቢ4» የሚባል መሣሪያ አለልሽ። የኢሜይል ሰርቨርሽ አስቸጋሪ ከሆነ ፓችሽን በዌብ በኩል ይልክልሻል። ኢሜይል ይቅር ከተባለ ግን እቃወማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ጊትሀብ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት የኢራን፣ የሶሪያና የክራይሚያ ተጠቃሚዎችን አካውንት ገድቦ ነበር። ኢሜይል የአንድ ኩባንያ ንብረት አይደለም። እኛ አገር ኔትወርክ ሲጠፋ እንኳ የወረደውን አንብበሽ፣ መልስሽን ጽፈሽ ታቆያለሽ። ሲመለስ ይሄዳል።

ጀማሪዋ፦ ይሄኛው አሳምኖኛል። ቢ4ንም እሞክረዋለሁ። መመሪያው ግን ለጀማሪ በሚገባ መልኩ ይጻፍ የሚለውን አልተውም። ሰው ከርነል ሊያርም መጥቶ ቀኑን ሙሉ ከኢሜይል ፕሮግራም ጋር መታገል የለበትም።