ቃለ መጠይቁ በኦሮምኛ፣ ቴሲሱ በእንግሊዝኛ፦ ዓይነታዊ ምርምር ላይ ምክር እፈልጋለሁ

ጠያቂ፦ የማስተርስ ተማሪ፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥናቴ በጅማ ዞን አንድ ወረዳ ውስጥ ነው፤ እናቶች በጤና ጣቢያ ግቢ ያለውን የእናቶች ማቆያ (ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪመጣ የሚቆዩበትን ቤት) ለምን እንደሚገቡበትና ለምን እንደሚተዉት ለማወቅ ነው። እስካሁን የማውቀው መጠይቅ በትኖ በኤስፒኤስኤስ (በስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) መተንተን ስለሆነ ዓይነታዊው መንገድ፣ ማለትም ከቁጥር ይልቅ የሰዎችን ንግግር የሚተነትነው፣ አዲስ ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ 30 ቃለ መጠይቅ ተብሏል። ይበዛል ወይስ ያንሳል? ኮድ የማደርገው፣ ማለትም ለንግግሩ ክፍሎች የሐሳብ መለያ የምሰጠው፣ በኦሮምኛው ነው ወይስ በትርጉሙ? ሦስተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፦ ሁለቱ የሙከራ ቃለ መጠይቆች 18 እና 21 ደቂቃ ብቻ ወሰዱ፤ መልሱም «ጥሩ ነው፣ ችግር የለም» ነው። ስህተቱ ምን ላይ ነው?

መልስ 1፦ የመስክ አስተባባሪ

እህቴ፣ ከሦስተኛው ልጀምር፤ እሱ ካልተስተካከለ ሌሎቹ ሁለቱ ዋጋ የላቸውም።

መጀመሪያ እናቲቱ ቤት ይዞሽ የገባው ማን እንደሆነ እይ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከሆነች፣ እናቲቱ የምትናገረው ለአንቺ ሳይሆን ለእሷ ነው። ነገም ክትባት የምትሰጣት፣ ቤቷን የምታየው እሷ ናት። ሠራተኛዋ መንደሩን ታሳይሽ፣ ታስተዋውቅሽ፣ ከዚያ ትመለስ። ጋዋን አትልበሺ፤ የጤና ጣቢያ መኪና በር ድረስ አይምጣ። የተሳታፊዎቹንም ስም ከወሊድ መዝገብ ብቻ አትውሰጂ፤ እዚያ ያለችው የመጣችው ናት። ቤቷ የወለደችውን ለማግኘት የኤክስቴንሽኖቹን የቤተሰብ ማኅደር ማየትና የእድር ሴቶችን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የጥያቄው አቀራረብ። «የማቆያው አገልግሎት እንዴት ነው?» ካልሻት ዳኛ አደረግሻት፤ እንግዳ ፊት ደግሞ ማንም መጥፎ አይናገርም። ይልቅ ሁኔታውን እንድትተርክ አድርጊ፦ «የመጨረሻ ልጅሽን የወለድሽበትን ሳምንት ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ንገሪኝ።» ከዚያ አውጣጪ ጥያቄዎቹ ከራሷ ቃል ይነሡ፦ ያን ቀን ቤት ማን ቀረ? ላሟን ማን አለበ? ማቆያው ውስጥ የበላሽውን ማን አመጣ? «ሂጂ» ያለሽ ማን ነው፣ «ቆዪ» ያለሽስ? ዋና ጥያቄዎቹ ከ8 እስከ 10 ቢሆኑ በቂ ናቸው። ስትጨርስ አትሽቀዳደሚ፤ በልብሽ እስከ 5 ቆጥሪ። ብዙ ጊዜ ቁም ነገሩ ከዝምታው በኋላ ይመጣል።

አማት አጠገብ ከተቀመጡ «ውጡልን» ማለት ነውር ነው፤ አይሆንምም። ረዳትሽ ከእሳቸው ጋር ሌላ ቦታ ስለ ድሮው አወላለድ ትጨዋወት፤ የእሳቸውም ሐሳብ ለጥናቱ ይጠቅማል። ጥቅምትና ኅዳር ቡና ለቀማ ነው፤ ቀን ቤት ሰው አታገኚም። አርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሰዓት ስለሆነ ባሎችን አትቅጠሪ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መቅዳት ድካም ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ ድምፁ ሁሉን ይውጠዋል። ሁለት መቅጃ ያዢ፣ ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጊ፣ ከጠረጴዛው እንጨት ላይ ሳይሆን ከታጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጪ፤ የሲኒው ኳኳታ ይቀንስልሻል።

መልስ 2፦ የምርምር ዘዴ መምህር

ስለ ቁጥሩ። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በጋናና በናይጄሪያ ከሴቶች ጋር የተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆችን የመረመረ ጥናት፣ አብዛኞቹ ኮዶች በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ መገኘታቸውን አሳይቷል። ሰዎች «12 ይበቃል» እያሉ የሚጠቅሱት ይህን ነው። ነገር ግን የእዚያ ጥናት ተሳታፊዎች በአንድ ነገር የሚመሳሰሉ ነበሩ። የአንቺ የተለያዩ ናቸው፦ ማቆያ የገባች፣ ገብታ ሳትወልድ የወጣች፣ ጭራሽ ያልሄደች። ቁጥሩን በእነዚህ ክፈይው።

30 ብለሽ አትቆለፊ። 10 ሥሪና ኮድ አድርጊ፤ ከዚያ ሦስት ተከታታይ ቃለ መጠይቆች አዲስ ሐሳብ ካላመጡ አቁሚ። ለዚህ አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል፦ በአንድ ረድፍ የቃለ መጠይቁ ቁጥር፣ በሌላው ያመጣው አዲስ ኮድ ብዛት። ፈታኝ «ሳቹሬሽን (አዲስ ሐሳብ መምጣቱ ማቆሙን) እንዴት አወቅሽ?» ሲልሽ ያንን ታሳዪዋለሽ። ሁሉን ቀድቶ መጨረሻ ላይ መተንተን ከተጀመረ ግን ይህ አይቻልም፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው።

የቡድን ውይይት ከ6 እስከ 8 ሰው፣ አማቶች ለብቻ፣ ባሎች ለብቻ። የግል የወሊድ ታሪክ ግን ቡድን ውስጥ አይጠየቅም።

መልስ 3፦ ተርጓሚ

ኮዱ በኦሮምኛው ይሁን። «ጋራ» ሆድ ነው፤ ግን እንደ አማርኛው ሆድ የስሜትም ማደሪያ ነው። እናቲቱ አዋላጇን «ጋራ ላፋ» ካለቻት ርኅሩኅ ናት ማለቷ ነው፤ አማርኛው «ሆደ ቡቡ» ይቀርበዋል። ቃል በቃል የሄደ ተርጓሚ እንግሊዝኛው ላይ የሆድ ነገር ይጽፋል፤ ኮድ አድራጊው ደግሞ የጤና ችግር ብሎ ይመዘግበዋል። ስህተቱን ማንም አያገኘውም፣ ምክንያቱም ኦሮምኛው ተጥሏል።

ጊዜውንም አስልዪ። የ1 ሰዓት የድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። 30 ቃለ መጠይቅ በ45 ደቂቃ 22 ሰዓት ተኩል ነው፤ በ5 ብታባዢው ከ110 ሰዓት በላይ ለግልበጣው ብቻ። ሁሉን መተርጎም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በቁቤ ገልብጪ፣ በኦሮምኛው ኮድ አድርጊ፣ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጎሙት ኮዶቹና የምትጠቅሻቸው ንግግሮች ብቻ ይሁኑ።

ጠያቂ

አማካሪዬ ኦሮምኛ አያነቡም። ግልባጩን ማየት ይፈልጋሉ።

መልስ 2

በዚህ ከተርጓሚው ትንሽ እለያለሁ። የመጀመሪያዎቹን 3 ቃለ መጠይቆች ሙሉ በሙሉ ተርጉሚ፤ ግራ ዓምድ ኦሮምኛ፣ ቀኝ ዓምድ እንግሊዝኛ፣ የመስመር ቁጥር በሁለቱም። አማካሪሽ ኮድ መጽሐፉን (የኮዶቹን ዝርዝርና ማብራሪያ) በእነዚያ ያርሙ። ሌላ ኦሮምኛ የሚችል ሰው ሦስቱን ለብቻው ኮድ ያድርግና የተለያያችሁበትን ተወያዩ። በኮድ መጽሐፉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ኮድ ትርጉሙ፣ መቼ እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደማይሰጥና አንድ የንግግር ናሙና ይኑር። «መቼ አይሰጥም» የሚለው ሲዘለል ኮዶቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ሶፍትዌር መግዛት የግድ አይደለም፤ የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ኦፕን ኮድ በነፃ ይገኛል።

ጭብጥ ስትጽፊ «የትራንስፖርት ችግር» አትበዪ፤ ያ ርዕስ ነው። ጭብጥ የሚሟገት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለምሳሌ «ማቆያው እናቲቱን ቢያስጠጋትም ቤቱን ያለ ሰው ይተወዋል» ዓይነት። የመጠይቅሽ ጥያቄዎች ተገልብጠው ጭብጥ ሆነው ከተገኙ ትንተናው ገና አልተጀመረም። «60 በመቶ እናቶች» የሚል ነገርም አትጻፊ፤ ናሙናሽ ለዚያ አልተመረጠም።

መልስ 1

አንድ ልጨምር። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮሬክ የሚባለው ባለ 32 ነጥብ የዓይነታዊ ጥናት ሪፖርት መመዘኛ፣ ቃለ መጠይቁ ሲደረግ ሌላ ማን እንደነበረ፣ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ፣ ጠያቂው ከተሳታፊው ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ይጠይቃል። እነዚህን ከወራት በኋላ ማስታወስ አይቻልም። ከእያንዳንዱ ቤት ስትወጪ፣ ባጃጅ ሳትሳፈሪ፣ አንድ ገጽ ሙዪ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ነበረ፣ መቅጃው ከጠፋ በኋላ ምን ተባለ። የመጨረሻዋን መስመር አትዝለዪ፤ ደኅና ሁኚ ሲባባሉ የሚወጣው ነገር ብዙ ነው። ከተጠቀምሽበት ግን መልሰሽ ፈቃዷን ጠይቂያት።