የዚህን አሮጌ ሳይክል ፍሬም ሠሪ የሚያውቅ አለ?

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አሮጌ የብረት ፍሬም እጄ ላይ አለ፤ ማን እንደሠራው ማወቅ አቃተኝ። ሌላ ቀለም ተደርቦበታል፤ አርማም ጽሑፍም የለው።

የፔዳሉ ዘንግ የሚገባበት ቱቦ ስፋቱ 70 ሚሊሜትር ነው። በሁለቱም ጎን የብሎኑ ጥርስ ወደ ቀኝ ይጠብቃል። ይህ የጣሊያን ልክ ነው፤ የእንግሊዙ 68 ነው፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ወደ ግራ ይጠብቃል። የኋላ ጎማው መያዣ ላይ ካምፓኞሎ (የጣሊያን የሳይክል ዕቃ አምራች) ይላል፤ ግን እሱን ብዙ ሠሪዎች ይገዙት ስለነበር ብቻውን ፍንጭ አይሆነኝም።

ተስፋ ያደረግኩት የፍሬሙ ቱቦዎች መጋጠሚያዎች ላይ ነው። በጣም ያምራሉ! ጫፋቸው በሞረድ ሹል ተደርጓል፤ መሃላቸው ላይ ጠብታ የመሰለ ቀዳዳ አለ። እንዲህ ዓይነት ያያችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ከሥር ያለው የድሮ ቀለም ማስረጃ ሊሆን ስለሚችል እስካሁን አልፋቅሁትም። ቀስ ብዬ ልፋቀው ወይስ ይቆይ?